ተራ ጠባቂ

ስዋንሲ ላይ ዝናብ ነው፤ ዝናብ ካልሆነማ
ሊዘንብ ነው ማለት ነው፣ በዚች ወደብ ከተማ።
እኔ ምድር ቤት ነኝ፣ ከማሽኖቹ ጋራ፣
መስኮት በሌለበት፣ ማራገቢያ ሲያጓራ።
ሥራዬ ተራ ነው። ቀላል ግን አይደለም፤
ተራ ማስከበር ነው፣ ሌላ ሙያ የለም።
አራት ሺህ አንጎል ነው፣ በረድፍ የቆመ፣
ጥያቄ ሲቀልቡት ውሎ ያልደከመ፤
ቀላቢዎቹ ናቸው ዓይናቸው የቀላ፣
እራት የሚረሱ ከስሌቱ ኋላ።

ግዌኒዝ ወንዝ አላት፣ በሜትር ቆራርጣ
በሺህ ዓይነት ዝናብ ሺህ ጊዜ የምትሞላው።
የአባቷ ዳቦ ቤት በስክሪኗ ላይ
ማታ ማታ ይሰጥማል፤
ጠዋት ጠዋት ዳቦ ይሸጣል።

ቢሽዋሩፕ ሦስት ሳምንት አንድ ፕሮቲን ያጥፋል፤
"ልክ እንደ እናቴ ሳሪ" ይላል፣ "አንድ እጥፋት ከሳትህ፣
ከሥር ነው መጀመር፣ እንደገና ፈትተህ።"

ጌቲን አየር መንገድ ያጠናል።
የአውሮፕላን አይደለም፤ የሳንባ።
ቅርንጫፍ በቅርንጫፍ፣ እስከ ጫፉ ቀንበጥ፣
አቧራ በየት በኩል እንደሚገባ።

ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ደግሞ ኤሉኔድ መጣች፣
ካፖርቷ እየተንጠባጠበ ደፉ ላይ ቀረች።
"የቋንቋ ተማሪ ነኝ" አለች፣ እንደ መናዘዝ፤
"ለእኛስ ይፈቀዳል፣ ይህን ማሽን ማዘዝ?"
ቅጹ ላይ፣ "ስንት አንጎል?" ከሚለው ሳጥን ውስጥ፣
"አንድ" ብላ ጻፈች፣ "ካልተረፈ ግማሽ።"
ስልሳ አራት ሰጠኋት።

ያመጣችው ክር ነው፣ ዘጠኝ መቶ ሰዓት፤
ድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች፣ ሁሉም አሁን ሙታን፣
ስለ ጉድጓዱ ፈረስ፣ ስለ ደመወዝ፣
ስለ አንዲት ዘፋኝ ወፍ ሲያወጉ።
አንዲት አናባቢ ጠፍታባታለች፤
ከአባት አፍ ወደ ልጅ አፍ ስትሻገር
የት እንደወደቀች
ማንም አላየም።

አራት ቀን ጠበቀች፣ ከጎርፍ ከፕሮቲን ኋላ።
ዓርብ ሌሊት፣ ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ፣ ተራዋ ደረሰ፤
ማራገቢያው ድምፁን አንስቶ እንደ ሰው ተነፈሰ።
ማሽኑ ንግግሩን ለይቶ ሰደረ፣
ቃል ያልሆነውን ሁሉ
"ጥራጊ" ከሚል ፋይል ከመረ።

ጥራጊውን ከፈተች።

ሳል።
አርባ አንድ ሺህ ሳል፣
በቃልና በቃል መሃል።

"ማሽኑ ልክ ነው" አለች፣ "ሳል ቃል አይደለም።"
ግን ማዳመጫውን ከጆሮዋ አላወለቀችም።
አንዱ ሽማግሌ፣ መይሪግ የሚሉት፣
አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሰባት ሳል ፈጀበት፤
ዓረፍተ ነገሩም "አሁንስ ደህና ነኝ" ነበር።

ጌቲን ከኋላዋ ተራውን ይጠብቃል፣
ሻይው በእጁ ቀዝቅዟል።
"እኔ ሳንባ አለኝ" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ "ድምፅ የለውም።
ሁለት ዓመት ሙሉ አቧራ አስገባሁበት፣
አንድም ቀን ሲስል ሰምቼው አላውቅም።"
ወንበር ስባ አስጠጋችው።
ማዳመጫው አንድ ነበር፤
ግራ ጆሮ ለእሱ፣ ቀኝ ጆሮ ለእሷ።

ደንቡ ለአንድ ሥራ አንድ ስም ነው የሚለው።
ማታ ሁለት ስም ያለበት ቅጽ መጣልኝ፤
የቋንቋ ክፍል? የሕክምና ምህንድስና?
ሳጥኑን ባዶውን ተውኩት፣
ማህተሜን ብቻ መታሁበት።

የማሽኑ ሙቀት በቱቦ ጓሮ ይወጣል፤
ንጋት ላይ ሁለቱ እዚያ ሥር ቆመው፣
እሷ ካፖርቷን ስታደርቅ አየኋቸው፤
ምን እንደሚያወሩ ማራገቢያው አላሰማኝም።

አናባቢዋ ገና አልተገኘችም።
ፕሮቲኑ ትናንት አንድ እጥፋት ስቶ ተፈታ።
ግዌኒዝም ይኸው፣ ዳቦ ቤቱን ልታሰጥም ቆማለች።

እሺ።
ቀጥሎ ተራው የማነው?